ቁልፉን መጫን ያልቻለ ሰው

መርካቶ ማታ ሲዘጋ፣ በየሕንፃው የሚቀረው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ከአንዋር መስጊድ እስከ ምዕራብ ሆቴል፣ ከራጉኤል እስከ ሸማ ተራ ቀኑን ሲጋፋ የዋለው ሕዝብ ሄዶ፣ ጋቢ የደረበ ጥበቃ ከነዱላውና ከነባትሪው ያድራል። እኔ ካሜራና አላርም ገጣሚ ነኝ። ነጋዴው ሲጠራኝ የሚያሳየኝ በሩን፣ ካዝናውንና ጣቃ የተከመረበትን መጋዘን ነው። ጥበቃው የት እንደሚያድር ስጠይቅ ይገረማል። «እሱ ምን ይሆናል? እሱ እኮ ጠባቂ ነው።»

የሚሆነው ብዙ ነው። ሰው ሁሉ የሚያስበው ሌባን ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ከሰል ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት አጥንት ሰብሮ ይገባል። ጥበቃው ፈርኔሎውን ውጭ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ ወደ ክፍሉ ያስገባና በሩን ይዘጋል። ጭሱ ስለወጣ አደጋውም የወጣ ይመስለዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከቀላው ፍም ይወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለው። ራስ ምታትና ድካም አስመስሎ ያስተኛል። ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ የድረሱልኝ ቁልፍ ለዚህ ሰው ምን ይረባዋል? ቁልፍ ሌባ ላየ፣ ነቅቶ ለቆመ፣ እጁ ላልታሰረ ሰው ነው። ከደረጃ ለወደቀው፣ ስኳሩ ለወረደበትም እንዲሁ ከንቱ ነው።

ስለዚህ ጩኸት ሳይሆን ዝምታ የሚቀሰቅሰውን መሣሪያ እመርጣለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰዓት ቆጣሪ አለው፤ ጥበቃው በየሰዓቱ፣ በብርድ ወራት ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ይነካዋል። ካልነካው መጀመሪያ ለራሱ ለጥበቃው ይጮኻል፣ ረስቶ ከሆነ እንዲያስታውስ። ሁለት ደቂቃ ጠብቆ መልስ ካጣ ብቻ ወደ ውጭ ይደውላል። ይህችን የሁለት ደቂቃ ዕረፍት የዘለለ ገጣሚ፣ በሳምንቱ ባለቤቱ ስልኩን ሲያጠፋበት አይገረም። ሰውነት ሲጋደም የሚጮኸውን መሣሪያ ግን እዚህ አልገጥምም። የእኛ ጥበቃ አረፍ ማለቱ አይቀርም፤ አላርሙ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድርና ሰሚ ያጣል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዮሐንስ ቡርክ የተባለ ጀርመናዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ የሌሊት ዘበኛ ይዞት የሚዞር የመቆጣጠሪያ ሰዓት ሠርቷል። ዘበኛው ጣቢያ ጣቢያው ላይ በታሰረ ቁልፍ ምልክት ያኖርበታል፤ አለቃው ጠዋት ከፍቶ ያየዋል። ዛሬ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በዱላ መሰል መሣሪያ የሚነካው ቁልፍም የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ሁለቱም ዘበኛው አለመተኛቱን ይመሰክራሉ። መዝገቡ የሚነበበው ግን ጠዋት ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የወደቀ ሰው እስከ 12 ሰዓት ማንም አያውቅለትም።

ሽማግሌ ጥበቃዎች ዘበኛን በመቆጣጠርና ዘበኛን በማዳን መካከል ያለውን ልዩነት ከነጋዴው ቀድመው ያዩታል። አንዱ መሣሪያውን ገልብጠው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ይቺ እንቅልፌን ለሀጂ ልታቃጥር ነው?» አሉኝ፤ ሀጂ የሚሉት ባለቤቱን ነው። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። በቆጣሪው ምክንያት ደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ጥበቃው ቆጣሪውን እንዲነካለት ለሊስትሮ ልጅ ይሰጠዋል፤ ያኔ መሣሪያው ማንንም አይጠብቅም። ስለዚህ ባለቤቱን በፊታቸው «አባባ ሳይነኩት ቢቀሩ ሰው ይላካል እንጂ ቅጣት የለም» አሰኝቼ ነው የምጀምረው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ መጣሉንም አነሣለታለሁ። ብዙዎቹ አዋጁ ለፋብሪካ ብቻ ይመስላቸዋል።

ገንዘብ ከሌለ ሚስኮል አለ። ጥበቃው በተባለው ሰዓት ለሺፍት ኃላፊው ሚስኮል ያደርጋል፤ ሳንቲም አያወጣም። ደካማ ጎኑ ኃላፊውም ሰው ነውና መተኛቱ ነው። ስለዚህ ሁለት የጎረቤት ሕንፃ ጥበቃዎች እርስ በርስ እንዲደዋወሉ አደርጋለሁ፤ ሁለቱም ነቅተው ያድራሉ፣ ቀድሞ የሚደርሰውም ጎረቤቱ ነው። ኔትወርኩን ግን በር ላይ ቆሜ አልፈትሸውም። ምድር ቤት፣ ከብረት መዝጊያው ጀርባ፣ ጣቃው መሀል ገብቼ ነው የምደውለው። መብራት ሲጠፋ የሚሆነውንም ለማየት የሕንፃውን የመብራት ቆጣሪ አጠፋለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የበሩ ነገር ነው። አንዳንድ ሕንፃ ጥበቃው ገብቶ ከውጭ ይቆለፍበታል፤ ቁልፉ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ኮልፌ ያድራል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ ሸማ ተራ ሲቃጠል፣ የመንገዱ መጥበብ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ምን ያህል እንዳስቸገረ ከተማው ሁሉ አይቷል። 939 ተደውሎ መኪናው ቢደርስ እንኳ እስከ በሩ ላይገባ ይችላል። ውስጥ ያለው ሰው መውጫው በእጁ ካልሆነ አላርሙ የሚያደርግለት ነገር የለም። ነጋዴው «ቁልፍ ሰጠሁ ማለት ዕቃዬን ሰጠሁ ማለት ነው» ይላል፤ ፍርሃቱን አልንቅም። መፍትሔው ለጥበቃው ከመጋዘኑ የተለየ፣ ከውስጥ የሚከፈት፣ ወደ ውጭ የሚያወጣ የራሱን በር መሥራት ነው። ለአንድ ብረት ሠራተኛ ብዙ ሥራ አይደለም። በር ካልተሠራ ቆጣሪውን አልሸጥም፤ በዚህ የተነሣ ደንበኛ ቀርቶብኝ ያውቃል።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚውን ከመኝታው አጠገብ፣ ተኝቶ በሚተነፍስበት ከፍታ እሰቅላለሁ። ባትሪውን የሚቀይረው ማን እንደሆነ በስም አስጽፋለሁ።

ከማስረከቤ በፊት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከጥበቃው ጋር እቀመጥና ቆጣሪውን እንዳይነካው እነግረዋለሁ። ለባለቤቱም ለጎረቤቱም አልናገርም። መሣሪያው ለእሱ ይጮኻል፤ ዝም እንላለን። ከዚያ ወደ ውጭ ይደውላል። በሩን የሚያንኳኳ ሰው ከመጣ ሰዓቱን እጽፋለሁ። ማንም ካልመጣ በማግስቱ የስልክ ቁጥሮቹን እንቀይርና ሌላ ሌሊት እንደገና እንሞክራለን፤ ቀሪውን ክፍያ የምቀበለው ሰው በሩን ካንኳኳ በኋላ ነው።