ንድፍና የቡና ማስጫ አልጋ፦ በሥዕል ትምህርታችን ላይ የቀረበ ሂስ

ንድፍ ሲባል በብዙ መምህራን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው አበባ፣ ሐረግና የጨርቅ ጥለት ነው። በዚህ ዐይን ከተመዘነ ንድፍ ለአገር ሀብት ዕድገት የሚሰጠው አስተዋጽኦ ከጌጣጌጥ ሽያጭ አያልፍም። የዚህ አስተያየት ስሕተት ጎልቶ የሚታየው እንደ ቡሬ ባለች የቡና ከተማ ነው (የኢሉባቦሯ እንጂ የጎጃሟ አይደለችም)።

ቡሬ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ በደጋው ጠርዝ አካባቢ ትገኛለች። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል በባሮ ዳርቻ የንግድ ጣቢያ ከፈቀደ በኋላ የኢሉባቦር ቡና በዚህ በኩል ወርዶ፣ ወንዙ በሚሞላበት ክረምት በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። ያ ንግድ የተመካው በበቅሎ ጫንቃና በወንዝ ሙላት ነበር፤ ዛሬ ግን ዋጋውን በእጅጉ የሚወስነው ጥራት ነው። ያልታጠበ ቡና ጥራቱ የሚጠበቀው ወይም የሚበላሸው በማስጫው ላይ ነው።

ኢሉባቦር ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው። በመሬት ላይ የተሰጣ እሸት ቡና እርጥበት ከታች እየሳበ ይሻግታል፤ የአፈር ጣዕምም ይይዛል። በሽቦ ወንፊት ወይም በቀርከሃ ንጣፍ በተሠራ አልጋ ላይ ሲሰጣ ግን አየር ከላይም ከታችም ያገኘዋል። የአልጋው ከፍታ ሠራተኛዋ ሳትጎብጥ እንድታገላብጥ፣ ስፋቱም እጇ መካከሉን እንዲደርስ ሆኖ መለካት አለበት። እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ ድረስ የሚደክመው ጉልበት በዚህ ልኬት ይቀላል ወይም ይከብዳል። ልኬት፣ ቁስና የሰው አካል የተገናኙበት ይህ ዕቃ ለንድፍ ትምህርት ከብዙ የግድግዳ ሥዕል ይልቅ የበቃ ርእስ ነው። የሥዕል ክፍለ ጊዜ ግን አዘውትሮ የሚያልፈው ጀበና በመቅዳት ነው፤ እሱም ቢሆን አንገቱ ለምን እንደ ጠበበ፣ በማቶት ላይ ለምን ዘንበል እንደሚል ሳይጠየቅ!

የንግድ ምልክትም ንድፍ ነው። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የተባሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች፤ ከክርክር በኋላም በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ተስማማች። የኢሉባቦር ስም ከሦስቱ አንዱ አልነበረም። ስሙን ለማስጠራት ያማረ ምልክት ይበቃል የሚል ቢኖር ተሳስቷል፤ በ60 ኪሎው ጆንያ ላይ የታተመው ስም፣ በውስጡ ያለው ቡና አፈር አፈር የሚል ከሆነ፣ ገዢውን ያርቃል እንጂ አያቀርብም።

ጉድለቱ የሚመነጨው ከመምህራን ሥልጠና ነው። ዕጩ መምህሩ ቀለም መቀላቀልንና ጥላ ማሳየትን ይማራል፤ ሜትር ይዞ ሥራ ወዳለበት መውጣትን ግን አይለማመድም። ከመቱ የሚነሣ ሠልጣኝ በኅዳር የቡና ለቀማ ወቅት ቡሬ ወርዶ አንድ አልጋ ቢለካ፣ ሠራተኞቹን ወገባቸውን የት እንደሚያማቸው ቢጠይቅ፣ በአካባቢው ቀርከሃም የተሻለውን ሠርቶ ቢያሳይ፣ የሥዕል ውጤቱ ከዚያ ሊሰጠው ይገባል።