የቼዝ አከፋፈት በምሳሌ ጨዋታ፤ ከቅኔ ቤት ሥርዓት አንጻር ሲመዘን

ለጀማሪዎች የሚዘጋጁ ብዙ የቼዝ መጻሕፍት የጨዋታውን አከፋፈት የሚያቀርቡት በእርምጃ ዝርዝር ነው። ተማሪው ዝርዝሩን በቃሉ ይይዛል፤ ተጋጣሚው ያልተጻፈ ወታደር ያንቀሳቀሰ ዕለት ግን የሚያደርገውን ያጣል። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ የቼዝ ክበብ ለማቋቋም የሚያስብ መምህር ዘዴውን እንዳለ ከመቀበሉ በፊት ሊያጤነው ይገባል።

የተሻለው መንገድ አከፋፈትን ከሙሉ ጨዋታ ውስጥ ማጥናት ነው። ፖል ሞርፊ እ.ኤ.አ. በ1858 በፓሪስ ኦፔራ ቤት ከብሩንስዊክ መስፍንና ከካውንት ኢዙዋር ጋር ያደረገው ጨዋታ ለዚህ ይጠቅማል። ጥቁሮቹ በሦስተኛው እርምጃ ያወጡትን ጳጳስ በአራተኛው በፈረስ ይለውጡታል፤ ነጩም መልሶ ሲወስድ ንግሥቱ ያለ ድካም ወደ ጦር ሜዳው ትገባለች። በ17ኛው እርምጃ የጥቁሩ ንጉሥ መውጫ ሲያጣ፥ ከጥቁሩ ወገን አንድ ጳጳስና አንድ ግንብ ከመነሻቸው ንቅንቅ አላሉም። «ኃይልህን ቶሎ አውጣ» የሚለው ምክር ዋጋው በገበታው ላይ የሚታየው እዚህ ነው።

ይህ አካሄድ ለጎጃም ገጠር እንግዳ አይደለም። በጎንጅና በዋሸራ ስም በሚታወቀው የቅኔ ትምህርት ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ሰሙን ከወርቁ ይለያል፤ ሆኖም የሚፈለግበት መንገዱን ተረድቶ የራሱን መቁጠር እንጂ የመምህሩን መልሶ ማሰማት አይደለም። ሰንጠረዥም ቢሆን ለሽምደዳ አይመችም ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ቼዝ ባሳተመው ጥናት እንደተመለከተው፥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪማረክ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ኃይላቸውን ያሰልፋሉ። ወረራ በሚባለው በዚህ ክፍል የሚያዋጣው የተጋጣሚን አሰላለፍ መከታተል ብቻ ነበር።

ነገር ግን ንጽጽሩ ከልክ ማለፍ የለበትም። በቅኔ ቤት የሚያርም መምህር አለ፤ መጽሐፍ ግን አያርምም። ጠያቂ ከሌለው የምሳሌ ጨዋታ ራሱ ረዘም ያለ የሽምደዳ ዝርዝር ይሆናል። በምርጫ ረገድም አዘጋጆች አብዝተው ይሳሳታሉ፤ የዝነኞችን ስድሳ እርምጃ የሚዘልቅ ጨዋታ ያቀርቡና ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ መምህሩ እንኳ ሊያስረዳው ይቸግረዋል። ከእንዲህ ያለው አንዱ፥ ጥፋቱ በዓይን የሚታይ አጭር ጨዋታ ይበልጣል።

አንድ ገበታ ብቻ ያለው የገጠር ትምህርት ቤትም በዚህ ዘዴ አይጎዳም። ተማሪዎቹ ገበታውን ከብበው ይቆማሉ፤ መምህሩ የሚቀጥለውን እርምጃ ሸፍኖ «አንተ ብትሆን የትኛውን ታንቀሳቅሳለህ? ስለምን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ከተሰጠ በኋላ ከመጽሐፉ ሆን ብሎ ወጥቶ ሌላ እርምጃ ያደርጋል፤ ጨዋታውንም ከዚያ ቦታ ለተማሪዎቹ ይለቅላቸዋል።