እጀታዋን አዙሩና ጉድ እዩ

የጌም መጫወቻ ዓይነቱን ሁሉ አይተን ጨርሰናል የምትሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ አንዴ ስሙኝ። አልጨረስንም! በሸሚዝ ኪስ የምትገባ፣ ድምቅ ያለች ቢጫ፣ በስተቀኝ ጎኗ የምትዞር እጀታ ያላት መጫወቻ አለች። አዎ፣ እጀታ። በጣት ጫፍ ከጎኗ ሳብ አድርጋችሁ ታወጧታላችሁ፣ ታዞሯታላችሁ፣ ሲበቃችሁ መልሳችሁ ታጥፏታላችሁ። እኔ ካገኘኋት ወዲህ ስለ ሌላ ነገር ማውራት አቅቶኛል፤ ወዳጆቼ ይመስክሩ።

ፕሌይዴት ትባላለች። ወርዷ 76፣ ቁመቷ 74፣ ውፍረቷ 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክብደቷ ደግሞ 86 ግራም ብቻ። ከፊት ለፊት ስክሪን፣ ባለ አራት አቅጣጫ ቁልፍና ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት ቁልፎች አሏት። እስከዚህ ድረስ ብርቅ የለም። የሚያዩዋት ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ እጀታዋ ነው፦ «ባትሪ መሙያዋ ነው?» አይደለም። ባትሪዋ እንደ ማንኛውም ዕቃ በዩኤስቢ ገመድ ይሞላል። እጀታዋ የተሠራችው ለጨዋታ፣ ለጨዋታ ብቻ ነው። እኔን ያሳበደኝም ይኸው ነው። ዓለም በሙሉ ስክሪን በመንካት ሲጠመድ አንድ ሰው ተነስቶ «እጀታ ብናደርግበትስ?» አለ፤ የሚሰማውም አገኘ!

ሐሳቡ የመጣው ቲንኤጅ ኢንጂነሪንግ ከሚባለው የስዊድን ኩባንያ ነው። መጫወቻዋን የሠራው ደግሞ ፓኒክ ነው፤ በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለማክ ኮምፒዩተሮች ሶፍትዌር ሲሠራ የኖረ ትንሽ ድርጅት። አንዲት ነገረኛ ዝይ የመንደሩን ሰው የምታምስበትን «አንታይትልድ ጉስ ጌም»ንም እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመው ይኸው ፓኒክ ነው። ስለዚህ ቀልድ ያውቃሉ። በዚያው ዓመት ፕሌይዴትን ለዓለም አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ሽያጭ ሲከፈት 20,000 የሚሆኑት በ20 ደቂቃ ውስጥ አለቁ። ከዚያ መጀመሪያ በተመረቱት 5,000 ላይ የባትሪ ችግር ተገኘና ባትሪዎቹ እንዲቀየሩ ተደረገ፤ ሰው እጅ የገባችው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ነው። እንኳን ጠበቁ እላለሁ። የሞተ ባትሪ ይዛ ብትመጣ ኖሮ ያን ሁሉ ጨዋታ ማን ያየው ነበር?

ጨዋታዎቿ የሚመጡበት መንገድ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው።

የጌም አፍቃሪ ኑሮ መጠበቅ መሆኑን ታውቃላችሁ። አንድ ጨዋታ ይታወጃል፤ ቅንጭብ ቪዲዮ ይወጣል፤ ከዚያ ዝም። «ሆሎው ናይት፦ ሲልክሶንግ» እ.ኤ.አ. በ2019 ታውጆ የወጣው በ2025 ነው። ስድስት ዓመት! በዚያ መሃል ስንቱ ተማሪ ተመርቋል፣ ስንቱ አግብቶ ወልዷል። እስኪወጣ ድረስ ደግሞ ስለ ጨዋታው ያልተባለ፣ ያልተተነተነ ነገር ስለማይኖር፣ ገና ሳንጀምረው ግማሹን በልተን ጨርሰነዋል። ፕሌይዴት ይህን ሁሉ ገለበጠችው። ስትገዟት 24 ጨዋታዎች አብረው ይመጣሉ፤ ግን በአንድ ቀን አይደለም። በየሳምንቱ ሁለት፣ ለ12 ሳምንታት። ፓኒክ መጀመሪያ ሲያቀርባት ምን ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ ዝርዝር አላወጣም ነበር። ሳምንቱ ሲደርስ ስክሪኗ ላይ በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ታገኛላችሁ። ቁልፉን ስትጫኑ ወረቀቱ ይቀደዳል። ከውስጡ ሰርፍ ይወጣ ይሆን፣ ቼዝ ይወጣ ይሆን፣ እግዜር ይወቅ! እኔ ስለሚመጡት ጨዋታዎች ምንም ሳላነብ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ነው የጠበቅኳቸው፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈውን ጭምር ዘላችሁ ብታልፉት አልቀየምም።

ላልዘለላችሁት እነሆ።

ከ24ቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ዓይኔን ሳላሽ «ክራንኪንስ ታይም ትራቭል አድቬንቸር» እላለሁ። ከሠሩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2004 «ካታማሪ ዳማሲ»ን ለዓለም ያበረከተው ጃፓናዊው ኬይታ ታካሃሺ ነው። ክራንኪን ሮቦት ነው፤ ከክራንኬት ጋር የፍቅር ቀጠሮ አለው። እጀታዋን ወደፊት ስታዞሩ የእሱ ጊዜ ወደፊት ይሄዳል፤ ወደኋላ ስታዞሩ ጊዜው ይቀለበሳል። መንገዱን ግን አትመርጡለትም፤ የሚያደርገው ሁሉ አስቀድሞ ተወስኗል። ይራመዳል፣ ጎንበስ ብሎ አበባ ያሸታል፣ ቀና ይላል፣ ይቀጥላል። ችግሩ ቢራቢሮዋ ናት። ቢራቢሮዋ ለእጀታው አትታዘዝም፤ በራሷ ጊዜ እየበረረች ትመጣለች፤ ከነካችው አለቀለት፣ እንደገና መጀመር ነው። ታዲያ መላው ምንድን ነው? እሷ ፊቱ ጋ ስትደርስ ክራንኪን ልክ ጎንበስ ብሎ አበባውን እያሸተተ እንዲገኝ ማድረግ! ከራሱ በላይ ታልፋለች። ቶሎ ቀና ካለ ይነካል፤ ስለዚህ እጀታዋን በትንሹ ወደኋላ ትመልሷታላችሁ፤ እሱም እንደገና ይጎነበሳል፤ እንደገና ያሸታል።

ይህን ጨዋታ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው አጎቴ ሰጠሁት። አጎቴ በሕይወቱ ጌም ነክቶ አያውቅም፤ ካርታ እንኳ አይጫወትም። እጀታዋን ጨበጠና፣ በእስክሪብቶ ካሴት ሲያጠነጥን እንዳደገ ሰው፣ ጣቶቹ ወዲያው ገባቸው። ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ፣ ቀስ፣ ረጋ። ከዚያ ከሮቦቱ ጋር ማውራት ጀመረ፦ «ተው! ተው! ቀና እንዳትል! አሽትት፣ ደህና አድርገህ አሽትት!» ቢራቢሮዋ ስታልፍ ወንበሩን በደስታ መታው። ክራንኪን ታዲያ ሁልጊዜም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ ክራንኬትም ተቆጥታ ትጠብቀዋለች። የአጎቴ ባለቤት ከኩሽና ሆና «እሷ ምን ታድርግ፣ አበባ ሲያሸት ከዋለ!» አለች። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ መጫወቻዬ ገና አልተመለሰችልኝም ነበር።

ሌሎቹንም ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ። በ«ካዡዋል በርደር» የወፍ ፎቶግራፍ አንሺ ናችሁ፤ እጀታዋ የካሜራውን ሌንስ ታጠራለች፤ ወፎቹ ደግሞ ቁም ነገረኛ አይደሉም፣ ብልሃት ካላገኛችሁላቸው ለፎቶ አይቆሙም። በ«ፒክ ፓክ ፓፕ» አንድ ቡችላ መጋዘን ተቀጥሮ ዕቃ ያሽጋል፤ የሥራ ትጋቱን ያየ ሰው ደመወዝ ይጨመርለት ማለቱ አይቀርም። «ፍሊፐር ሊፍተር» ላይ ሊፍት የምታንቀሳቅሱት እናንተ ናችሁ፤ ተሳፋሪዎቹ ፔንግዊኖች ናቸው። እጀታዋን ስታዞሩ ሊፍቱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ፔንግዊኖቹ ፎቅ ለፎቅ ይጠብቃሉ፤ ትዕግሥታቸው ያልቃል። የሊፍት ሠራተኛ ሁሉ ደመወዙ እጥፍ ይሁን ያልኩት ያን ቀን ነው። «ዋይትዋተር ዋይፕአውት» የሚባለው የሰርፍ ጨዋታ ከባድ ነው፤ ማዕበሉ ላይ ስትገለባበጡ አወራረዳችሁን ካላስተካከላችሁ ወዲያው ውኃ ውስጥ ናችሁ። ከሁሉም ደካማ የምለው ጨዋታ እንኳ ሌላ ቦታ የማይገኝ አንድ የራሱ ነገር አለው፤ ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ።

ከስጦታው ውጭ ለብቻው የሚሸጥ፣ ግን ሳይጠቀስ የማይታለፍ ደግሞ አለ። ሉካስ ፖፕን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 «ፔፐርስ፣ ፕሊስ» በሚለው ጨዋታው የጨካኝ መንግሥት የድንበር ተቆጣጣሪ አድርጎ፣ ፓስፖርት እያስመረመረ፣ እንቅልፍ የነሳን ሰው ነው። ያ ሰው ለዚህች ቢጫ መጫወቻ ብሎ «ማርስ አፍተር ሚድናይት»ን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 ላይ ወጣ። እዚህም በር ላይ ቆማችኋል፤ ግን በሩ የመረዳጃ ቤት በር ነው። ሌሊት ሌሊት፣ ልዩ ልዩ ችግር ያለባቸው ማርሳውያን ተሰብስበው ይመካከራሉ። ይንኳኳል። እጀታዋን ስታዞሩ የበሩ ማያ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ከወዲያ በኩል በሕልማችሁ ያላያችሁት ፊት ድቅን ይላል። የዛሬው ሌሊት ስብሰባ እሱን ይመለከተዋል ወይስ አይመለከተውም? ፊቱን አይታችሁ፣ አኳኋኑን መርምራችሁ ትወስናላችሁ። ከገቡ በኋላ ደግሞ መስተንግዶ አለ፤ ጠረጴዛውን አዝረክርከው ሲሄዱ ታጸዳላችሁ፣ ምግቡን እንደገና ታሰናዳላችሁ፣ ቀጣዩ ያንኳኳል። እንግዳ መቀበልን የጨዋታው ልብ ያደረገ ሰው መኖሩ በራሱ ያስደስታል። ያ በድንበር ላይ ሰውን እንድናባርር ያስገደደን ደራሲ፣ አሁን በሩን እንድንከፍት አደረገን። ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ደግነቱ የበዛው ይኸኛው ነው።

ስለ ስክሪኗ ቅሬታ እሰማለሁ። 400 በ240 ፒክስል ናት፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ፣ ግራጫ እንኳ የለም፤ ከውስጥ የሚያበራ መብራትም የላትም። ጨለማ ክፍል ውስጥ አትታይም፤ እውነት ነው። ግን ፀሐይ ላይ አውጧት! ሌሎቹ ስክሪኖች በፀሐይ ሲጠፉ የእሷ ብርሃኑ በበዛ ቁጥር እየጠራ ይመጣል፤ መስመሩ በመርፌ የተወጋ ያህል ስል ነው። የመናፈሻ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ስልካቸውን በእጃቸው ከልለው ከሚታገሉት መሃል፣ እኔ ፔንግዊኖቼን ፎቅ ለፎቅ አመላልሳለሁ። ዋጋዋ ግን ርካሽ አይደለም፤ ስትወጣ 179 ዶላር ነበረች፣ ከዚያም ጨምሯል። ለጥቁርና ነጭ ይህን ያህል? ለሚሉኝ፣ 24 ጨዋታ በውስጡ ነው እላለሁ፤ አጎቴንም ምስክር እጠራለሁ።

ሁለተኛው የጨዋታዎች ዙር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 መጨረሻ ሲጀመር ደስታው ተደገመ። 12 ጨዋታዎች፣ በሳምንት ሁለት ሁለት፣ ለስድስት ሳምንታት። «ሎንግ ፓፒ» የሚባለው ውሻ በበላ ቁጥር ይረዝማል፤ ይረዝማል ስላችሁ ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ነው፣ ጅራቱ የት እንደቀረ እስክትረሱ ድረስ። «ዊልስፕረንግ» ላይ ሽኮኮ ሞተር ብስክሌት ይነዳል። ለምን? ለምን አይነዳም! «ብሊፖ ፕላስ» ደግሞ ጨዋታ ነው ለማለትም ያስቸግራል፤ የሌላ ፕላኔት የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው፤ በእውነተኛ ተዋንያን የተቀረጹ ፕሮግራሞች በነዚያ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣቦች ይተላለፋሉ፤ ቻናል ስትቀያይሩ መዋል ነው።

ግን ከሁሉ በላይ የምጓጓላቸው ገና ያልተሠሩት ጨዋታዎች ናቸው። ማንም ሰው የራሱን ሠርቶ መጫን ይችላል፤ ፈቃድ መጠየቅ የለም፣ ልዩ መሣሪያ መግዛት የለም። ፐልፕ የሚባል ነፃ መሥሪያ በኢንተርኔት ማሰሻ ላይ ይከፈታል፤ ሥዕሉ ሁሉ 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይሠራል። እኔም ፊደላችንን በእነሱ መሳል ጀምሬያለሁ። «ሀ» እና «በ» ያለምንም ጭንቅ ይገባሉ። «ጨ» ታስቸግራለች፤ ሦስቱ እግሮቿና ከ«ጠ» የሚለያት ምልክት ቦታ ይሻማሉ፤ አንዲት ነጥብ ስትሳሳት «ጠ» ሆና ቁጭ ትላለች። «ጯ» ላይ ስደርስ ምን እንደምሆን አላውቅም፣ ግን አልተውም።

ፊደሉን የምስለው ገበታ የሚባለውን የጠጠር ጨዋታ ለመሥራት ነው። እጀታዋ ለገበታ የተፈጠረች ናት እኮ! ጠጠሮቹን ከአንዱ ጉድጓድ ትዘግናላችሁ፤ ከዚያ እጀታዋን ስታዞሩ ጠጠሮቹ አንድ በአንድ፣ ጠብ፣ ጠብ እያሉ በየጉድጓዱ ይዘራሉ፤ ቀስ ብላችሁ ካዞራችሁ ቀስ ብለው፣ በፍጥነት ካዞራችሁ በፍጥነት። አጎቴን ሳማክረው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ወደኋላ ቢያዞሩትስ፣ ጠጠሩ ይመለሳል?» በፍጹም አይመለስም! የተዘራ ጠጠር ተዘራ ነው። ወደኋላ የሚያዞር ተጫዋች ተራው ያልፈዋል፤ ይህን ሕግ ከሁሉ በፊት ነው የጻፍኩት።