ባዶ እግርና የጫማ ስም

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፡፡ በማግስቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1953፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በሥራ ላይ ዋለ፡፡ የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ተባዝቶ እንዳይሸጥ የሚከለክለው አንቀጽ 27 በውስጡ አለ፡፡ ድሉና ሕጉ የአንድ ሌሊት ታላቅና ታናሽ ናቸው፤ ዳሩ ግን ሳይተዋወቁ ኖሩ፡፡

ሃምሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ2010 እ.ኤ.አ.፣ ቪብራም የተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ የእግር ጣቶችን ለየብቻ የሚያለብስ፣ በባዶ እግር የመሮጥን ስሜት ይሰጣል የተባለለት ጫማ «ቢቂላ» ብሎ ለገበያ አወጣ፡፡ ልብ በሉ፤ ኩባንያው የራሱን ስም ያገኘው ከመሥራቹ ከቪታሌ ብራማኒ ነው፡፡ የስምን ዋጋ አያውቅም ሊባል ከቶ አይችልም፡፡

የአበበ ቤተሰብ በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ፡፡ በ2016 ክሱ ወደቀ፡፡ የወደቀው ስሙ የእናንተ አይደለም ተብሎ ሳይሆን፣ በ2011 ያወቃችሁትን ነገር አራት ዓመት ለምን ዝም አላችሁ ተብሎ ነው፡፡ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እንላለን፡፡ በንግድ ምልክት ክርክር ግን ዝንቡ የሚገባው ዝም ባለው አፍ ነው፡፡

ታዲያ ፍርዱ ትክክል ነውን? በሕግ ሚዛን ያስኬድ ይሆናል፡፡ በፍትሕ ዓይን ግን ጎዶሎ ነው፡፡ ትልቅ ኩባንያና የሟች ልጆች በአንድ ሰዓት ተለክተው እኩል ሊሮጡ አይችሉም፡፡ ዋናው ጥያቄ፣ ስሙ የማን ነው የሚለው፣ ሳይፈታ ቀረ፡፡

ወቀሳው ለእኛም ይተርፋል፡፡ በአበበ ስም ስታዲየም ሰይመናል፤ ክብር ግን የባለቤትነት ማስረጃ አይሆንም፡፡ የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ለተመዘገበ ምልክት የሰባት ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ በየጊዜውም ይታደሳል፡፡ የጨርቃ ጨርቅ ታሪክ ባለው በአቃቂ የማልያ ጨርቅ ስንት እንደሚያወጣ የሚነግረን ባለሙያ አናጣም፡፡ ማልያው ላይ የሚታተመው የሯጭ ስም ስንት እንደሚያወጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፡፡ ፌዴሬሽኑም ክለቦቹም አትሌቱን ውሉን ሲያስፈርሙ ይህን ሊነግሩት ይገባል፤ እግሩ ገና ሳይደክም፡፡

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፡፡ የሚያስመዘግበው ግን ሰው ነው፡፡