በጅቡቲ ሙቀት የኮራል ገንዳን ማርጋት

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የኮራል አኳሪየም ልጀምር ብሎ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ቺለር፣ ስለ ውሃ ማቀዝቀዣው ማሽን ነው። ስንት የፈረስ ጉልበት ያለው ይበቃኛል ይላል። በሙያዬ የማቀዝቀዣ ቴክኒሻን ስለሆንኩ ጥያቄው አይከብደኝም። እኔ ግን የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ አለ፦ ውሃውን ስንት ዲግሪ ላይ ልታቆመው አስበሃል? አብዛኛው ሰው 25 ብሎ ይመልሳል። አውሮፓ የታተሙት መጻሕፍት የሚሉት እንደዚያ ነውና አይፈረድበትም። በዚህ ከተማ ግን 25ን አልመክርም። 27 ወይም 27 ተኩል ይሻላል።

አንዱ ምክንያቴ ባሕሩ ራሱ ነው። ከከተማዋ ፊት ለፊት በሙቻና በማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ ያሉት ኮራሎች በጥር ወር 25 ወይም 26 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ይከርማሉ፤ በሞቃቱ ወራት ደግሞ 30 ያለፈውን ይችሉታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ማኦዝ ፋይንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት የሰሜን ቀይ ባሕር ኮራሎች ለምን ሙቀት እንደሚችሉ ሲያስረዳ መነሻ ያደረገው ይህንኑ የእኛን አካባቢ ነው። ከበረዶው ዘመን በኋላ ቀይ ባሕርን መልሰው የሞሉት ኮራሎች በባብኤል መንደብ በኩል በሞቃቱ ደቡብ አልፈው የሄዱ ናቸው፤ ሙቀቱን ያልቻለው መንገድ ላይ ቀርቷል፣ የቻለው ዘሩን ይዞ ወደ ሰሜን ዘልቋል ይላል ሐሳቡ።

የጅቡቲ ኮራል ገንዳ ውስጥ መኖር እንደሚችልም የታየው ገና ድሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ዦቤር ከጅቡቲ የተወሰዱ ሕያው ኮራሎችን ሞናኮ ባለው የውቅያኖስ ሙዚየም አኳሪየም ውስጥ አኑሯል። እዚያ የጠባቂው ሐሳብ በክረምት ውሃው እንዳይበርድ ነው፤ እዚህ የእኛ ጭንቀት የተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱም ቦታ ኮራሉ የሚፈልገው ግን አንድ ነገር ነው፦ ትናንት የነበረውን ውሃ ዛሬም ማግኘት። ኮራል 28 ዲግሪ ስለሆነበት ብቻ አይሞትም። ጠዋት 25፣ ከሰዓት 29፣ ሌሊት ተመልሶ 25 ሲሆንበት ነው የሚዳከመው።

ሌላው ምክንያቴ መብራት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጅቡቲ ከፍተኛ መጠን ያለው ኃይል ከኢትዮጵያ በድሬዳዋ በኩል በተዘረጋው መስመር ታገኛለች። የሆነው ሆኖ በሙቀቱ ወራት፣ ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ እዚህ ክሊም የምንለውን ኤሲ ሲከፍት፣ መብራት መሄዱ አይቀርም። ያን ጊዜ ወደ ገንዳው የሚገባው ሙቀት የሚወሰነው በክፍሉና በውሃው መካከል ባለው ልዩነት ነው። ክፍሉ 36 ቢደርስ፣ 25 ላይ የተቀመጠ ውሃ 11 ዲግሪ ልዩነት ተሸክሞ ይጠብቀዋል፤ 27 ተኩል ላይ ያለው ግን 8 ተኩል ብቻ ነው። ባለ 25ቱ ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ ለኮራሉም ለውጡ የሰፋ ይሆናል። መብራቱ እስኪመለስ ልትጠብቀው የማትችለውን ቁጥር ኮንትሮለር ላይ መጻፍ ኮራሉን አይጠቅመውም።

ቁጥሩ ከተወሰነ ውሃውን እዚያ ላይ ማቆየት ይቀጥላል፤ በዚህ በኩል በጣም የምወደው ርዕስ ትነት ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 2400 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። 300 ሊትር የጨው ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማብረድ ከ1200 ኪሎጁል ትንሽ ቢበልጥ ነው። እንግዲህ ከዚህ ገንዳ አንድ ሊትር ቢተን፣ ከውጭ የሚገባ ሙቀት ባይኖር ኖሮ፣ ውሃው ወደ ሁለት ዲግሪ ይወርድ ነበር። ይህን የሚሠራው ከ10 ዋት በታች የሚበላ፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ፋን ሊሆን ይችላል። ከገንዳው በላይ አጋድማችሁ ታስሩትና ነፋሱ የውሃውን ፊት እየዳሰሰ እንዲያልፍ ታደርጋላችሁ፤ በቃ።

ፋን ግን ሁልጊዜ አያድንም። መቼ እንደማያድን ደግሞ የአየሩን ሙቀት ብቻ በማየት አይታወቅም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ አዲስ አበባ በዝናብ ስትርስ፣ ካምሲን የሚባለው ነፋስ ከበረሃው ወደዚህ ይነፍሳል። አየሩን 42 ዲግሪና ከዚያም በላይ ያደርሰዋል፤ ነፋሱ ግን ደረቅ ነው። አየሩ 42 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 30 ከመቶ ሲሆን ትነት ውሃን እስከ 27 ተኩል አካባቢ ሊያወርድ ይችላል። በግንቦትና በመስከረም ከባሕር የሚመጣው ወበቅ ሲሰፍር ነገሩ ይለወጣል። አየሩ 35 ዲግሪ ብቻ ሆኖ እርጥበቱ 70 ከመቶ ከደረሰ የትነት ወሰኑ 30 ነው፤ ፋኑ ቀኑን ሙሉ ቢዞር ከዚያ በታች አያወርደውም። ሰው ከካምሲኑ ተገላገልኩ ብሎ የሚተነፍስበት ጊዜ ለገንዳው የከፋው ጊዜ ነው። እዚህ አገር ያየኋቸው የነጡ ኮራሎች አብዛኞቹ በካምሲን ወራት የነጡ አይደሉም፤ በወበቁ ነው።

ወሰኑን ለማወቅ ስሌት አያስፈልግም። የብርጭቆ ቴርሞሜትር ውሰዱና ጫፉን በንጹሕ ውሃ በራሰ የቁስል ጋዝ ጠቅልሉት። ገንዳው ባለበት ክፍል ፋን ፊት ይዛችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ቁጥሩ እየወረደ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ የዚያን ቀን ፋን ውሃውን ሊያደርስበት የሚችለው ዝቅተኛው ሙቀት እሱ ነው። የጨው ውሃ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆማል። ቁጥሩ 26 ከሆነ ቺለሩን አሳርፉት። 29 ከሆነ ፋኑን አጥፉና በቺለሩ ወይም በክሊሙ ተማመኑ። ክሊም አየሩን ከማብረድ ሌላ እርጥበቱንም እየጨመቀ ወደ ውጭ ያፈስሳል፤ ስለዚህ ክሊም በተከፈተበት ክፍል ውስጥ ፋኑ በወበቅም ቀን ሥራ ያገኛል። በራችሁን ዘግታችሁ ያለ ክሊም ፋን ብትለቁ ግን የተነነው ውሃ እዚያው ክፍል ይታመቅና ከጥቂት ሰዓት በኋላ ማቀዝቀዙ ይቆማል።

ትነት ዋጋ ያስከፍላል። የሚሄደው ውሃ እንጂ ጨው አይደለም። ከ300 ሊትር ገንዳ በቀን 6 ሊትር ሲተን በሺህ 35 የነበረው ጨዋማነት 35.7 ይሆናል፤ በሦስተኛው ቀን ኮራሉ ይኮማተራል። በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት የሚጨምር ተንሳፋፊ ቫልቭ ያስፈልጋል፤ የሚጨመረውም የተጣራ ውሃ ይሁን። የከተማዋ የቧንቧ ውሃ ራሱ ጨው ስላለበት ያለ ማጣሪያ አይሆንም። አንድ ነገር ልጨምር፦ የተጣራውን ውሃ ጣሪያ ላይ አታስቀምጡ። ፀሐይ የመታው ሮቶ ውስጥ ያለ ውሃ ከሰዓት በኋላ እጅ ያቃጥላል፤ ለማብረድ በተነነው ምትክ ትኩስ ውሃ መመለስ ይሆናል።

ቺለርን በተመለከተ ሰው የሚስተው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው። ቺለር ሙቀትን አያጠፋም፤ ከውሃው ያነሣውን የራሱንም ጨምሮ ወደ ክፍሉ ይተፋዋል። ቁም ሣጥን ውስጥ ዘግተው ያስቀመጡት ቺለር የተፋውን አየር መልሶ እየሳበ ሲደክም ይውላል። ጥላ ያለበት በረንዳ ላይ ማውጣት ይሻላል፤ ውጭው 42 ሲሆን አቅሙ እንደሚቀንስ ግን ስትገዙ አስቡበት። ከዚያ ኮንደንሰሩን ተመልከቱ። የካምሲን አቧራና የባሕር ጨው ተቀላቅለው ክንፎቹ መካከል እንደ ጭቃ ይጋገራሉ። በካምሲን ወራት በየሳምንቱ ማሽኑን ከመብራት ነቅላችሁ፣ ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ ከላይ ወደ ታች በክንፎቹ አቅጣጫ ጥረጉት፤ ወደ ጎን ከሄዳችሁ ክንፎቹ ይጣመማሉ። ወደ ጥገና የሚመጡልኝ ቺለሮች ብዙዎቹ ጋዝ አላለቀባቸውም፤ መተንፈሻቸው ነው የተደፈነው። ቺለሩ የሚበራበትና የሚጠፋበት ሙቀት ልዩነትም ግማሽ ዲግሪ ያህል ይሁን። ከዚያ ካጠበባችሁት ኮምፕሬሰሩ እየበራ እየጠፋ ዕድሜው ያጥራል፤ ካሰፋችሁት ደግሞ ውሃው ይዋዥቃል።

ባለፈው መስከረም አንድ ወጣት ደንበኛዬ በማታ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ውሃው 30 ገብቷል። በረዶ ልጨምርበት?»

«አይ ልጄ፣ አትጨምር። መጀመሪያ መብራቱን አጥፋው።»

ግራ ተጋባ። የገንዳው መብራት ከሙቀቱ ጋር ምን አገናኘው? ኮራል ሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች አሉ። በብርሃን ስኳር ሠርተው ይመግቡታል፤ ቀለሙንም የሚሰጡት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ውሃው ከልክ ሲሞቅ ግን ብርሃኑን በአግባቡ መጠቀም ያቅታቸውና ኮራሉን የሚጎዳ የኦክስጅን ዓይነት ያመርታሉ። ኮራሉም ያስወጣቸዋል፤ ነጣ የምንለው ያን ጊዜ ነው። ጉዳቱን የሚያደርሱት ሙቀትና ብርሃን ተባብረው ስለሆነ አንዱን ወዲያውኑ መቀነስ ከቻልክ ቀንስ። ጨለማ ሁለት ቀን ኮራልን አይገድልም። በረዶውን የከለከልኩት ሲቀልጥ ጨዋማነቱን ስለሚያወርድ ነው። በታሸገ ጠርሙስ ቢሆን ይሻላል፤ አንድ ሊትር በረዶ ግን 300 ሊትር ውሃን የሚያወርደው የዲግሪ ሲሶ ያህል ነው። ስለዚህ በየተራ አንድ አንድ ጠርሙስ ማስገባት እንጂ አሥር ጠርሙስ በአንድ ጊዜ መዝፈቅ አይገባም።

እኔ መብራቱን በምሽት 12 ሰዓት አብርቼ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዲጠፋ አደርጋለሁ። የገንዳው ቀን የሚጀምረው የከተማው ቀን ሲያበቃ ነው። የመብራቱ ሙቀትና የፀሐዩ ሙቀት አይደራረቡም፤ የኤሌክትሪክ ጫናውም ይቀንሳል፤ ከሥራ መልስ ቁጭ ብዬ ኮራሎቼን የማይበትም ሰዓት እሱ ነው።

መብራት ሲሄድ ኮራልንና ዓሣን መጀመሪያ የሚያጠቃቸው ሙቀቱ አይደለም፤ የኦክስጅን እጥረት ነው። የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው፤ ፓምፑ ሲቆም ደግሞ የውሃው ፊት መታደስ ያቆማል። ስለዚህ ለቺለር ጄኔሬተር ከመግዛታችሁ በፊት መብራት ሲጠፋ በራሷ የምትነሣ ባለባትሪ የአየር ፓምፕ ግዙ። ጥቂት ዋት ነው የምትበላው። ቀጥሎ የገንዳውን ጀርባና ጎኖች በፎም ልበጡ፤ በመስታወቱ በኩል የሚገባው ሙቀት ይቀንሳል።

ኮራሉን ከየት እናምጣ ለሚለው፦ ሙቻ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የተጠበቀ ክልል ነው፤ ከጅቡቲ ባሕር ኮራል መንቀልም ክልክል ነው። ጠንካራ ኮራሎች በዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት ስለተመዘገቡ ከውጭ ሲገቡም ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 የዓለም ባሕሮች በአራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ውስጥ እንዳሉ ተነግሯል። እንዲህ ባለ ዘመን ከባሕሩ አንዲት ቅርንጫፍ ቆርጦ ወደ ቤት መውሰድ ነውር ነው። ከእርባታ የመጣ ቁራጭ በፈቃድ ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ገንዳችሁን በጥር ሙሉት፤ አሸዋና ድንጋይ ብቻ አድርጉበት፤ የግንቦቱን ወበቅ፣ የካምሲኑን ወራትና የመስከረሙን ወበቅ ያለ ኮራል አሳልፉት። በየቀኑ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ሙቀት ጻፉ። በእነዚያ ወራት የአንድ ቀን ልዩነት ከአንድ ዲግሪ ካልበለጠ በጥቅምት የመጀመሪያውን ኮራል አምጡ። ከበለጠ ግን ፋኑን፣ ፎሙን ወይም ቺለሩን አስተካክሉና ሌላ ዓመት ጠብቁ።