ሱሪው ልክ ነው፣ ለቅሶው ግን ውሸት ነው

ራጉኤል አካባቢ ላደገ ሰው መርካቶ ጓሮው ማለት ነው። እኛ ቤት ቴሌቪዥን የምናየው ከአያቴ ጋር ነው፤ እማማ ደግሞ ዝም ብለው የሚያዩ ሴት አይደሉም።

አንድ ምሽት ታሪኩ በምኒልክ ዘመን የሆነ ድራማ ከፈትን። ስሙን አልጠራም፤ ጉዳዬ ከአንድ ድራማ ጋር አይደለም። ካባው፣ ጋሻው፣ የሣር ክዳን ቤቱ፣ ሁሉም አለ። ድንገት ባላባቱ አሽከሩን «ቶሎ መርካቶ ደርሰህ ና» አለው። እማማ ሳቃቸውን ለቀቁት። «እንዴ፣ ጣሊያን መቼ ገባ?»

ልክ ናቸው። ምኒልክ ያረፉት በ1906 ነው። ያኔ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ወደ ምዕራብ ገፍቶ እዚህ ያመጣው፣ «መርካቶ» የሚለውንም ስም ያወረሰን፣ ከ1928 እስከ 1933 የቆየው የጣሊያን ወረራ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይሄ ብዙም አላናደደኝም። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ እኛ ጋ እንዲህ ያለው ቀላል ስህተት ነው። እናገኘዋለን፣ አንድ መስመር እንቀይራለን፣ አለቀ። የሚያስፈራው ፕሮግራሙ ምንም ሳይል እየሠራ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ ነው። ማንም ልብ አይለውም።

እንዲህ ያለውን ስህተት ያየሁት ሌላ ድራማ ላይ ነው፤ ታሪኩ በቀይ ሽብር ጊዜ ነው። ልብሱ ተጠንቷል፦ ቤልቦተም ሱሪ፣ ጎፈሬ፣ «ጓድ» የሚለው አጠራር ሳይቀር። ከዚያ አንዲት እናት የልጇን አስከሬን መንገድ ላይ ታገኛለች። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሙዚቃው ከፍ እያለ፣ ደረቷን እየደቃች ትጮኻለች። እኔ ዓይኔ እንባ ሞላ። እማማ ግን «እንዲህ ማልቀስ ማን ፈቅዶ?» አሉና ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ።

በዚያ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ለቅሶ እንዳይቀመጥ ተከልክሏል። አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀም አለ። ድራማው ለእናትየዋ ያዘነ ይመስላል እንጂ የተወሰደባትን ትልቁን ነገር ደብቆባታል። ልጇን ገድለው ለቅሶዋንም ቀምተዋታል። እኔ ያለቀስኩት ላልነበረ ነገር ነው፤ የማልምረውም ይሄን ነው።

«በጀት የለም» የሚለውን መልስ አውቃለሁ። የድሮ መኪና ውድ ነው፣ ከተማውም ተለውጧል። ግን በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ቼርኖቤል» እዩ። የሶቪየት ሰዎች በእንግሊዞች አነጋገር እንግሊዝኛ ያወራሉ። ኡላና ኮምዩክ የምትባለው ሳይንቲስት ፈጠራ ናት፤ የብዙ ሳይንቲስቶች ምትክ መሆኗን መጨረሻው ላይ ራሱ ይነግረናል። ሰው እውነት ለመናገር ሲፈራ ግን ፍርሃቱ የዚያ ሥርዓት ፍርሃት ነው። የእኛው ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ፊልም ቢሆንም ትምህርቱ ያው ነው፦ አፈሳ የሸሹ ልጆች ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። ለዚያ ውድ መኪና አላስፈለገም፤ ያኔ ልጅ መሆን ምን ያህል እንደሚያስፈራ ማወቅ ነው ያስፈለገው።

ስለዚህ ደራሲዎቻችን ከአልባሳቱ በፊት ይህን ቢጠይቁ እላለሁ፦ ይህ ሰው ምን ማለት ይችል ነበር? ማንን ይፈራ ነበር? ምን ተከልክሎ ነበር? መልሱን የሚያውቁ ሰዎች ገና አሉ፤ የሚያስከፍሉትም አንድ ስኒ ቡና ነው። ግን እየቀነሱ ነው። ቦታውም እየሄደ ነው፤ በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ሲቃጠል ከደጃችን ቆመን አይተናል። ሰውም ቦታውም ሲያልፍ የሚቀረን ስክሪኑ ላይ ያለው ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጡ ልጆች ያቺን እናት አይተው «ያኔ እንዲህ ነበር የሚለቀሰው» ብለው ያድጋሉ።

በማግስቱ ቡና ላይ እማማን ጠየቅኳቸው፦ «ታዲያ ያኔ እንዴት ነበር የሚለቀሰው?»

ስኒውን አስቀመጡ።

«ሽንኩርት እየከተፍን።»