የ48ቱ ክሮሞዞም ቆጠራ ሲገመገም

አሜሪካዊው ተመራማሪ ቴዎፍሎስ ፔይንተር እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው ጥናት የሰው ክሮሞዞም ብዛት 48 ነው ሲል ደመደመ። ቁጥሩ እስከ 1956 ድረስ በመማሪያ መጻሕፍት ሲጠቀስ ቆየ። ጥናቱ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይቻልም፤ ወንድ ኤክስና ዋይ ክሮሞዞም እንዳለው ያሳየ ሥራ ነው።

የጥናቱ ናሙና የተወሰደው በቴክሳስ የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ከነበሩ፣ የዘር ፍሬያቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣ ሰዎች ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ አሠራር በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት አያልፍም። በስሱ በተቆረጠ ሥጋ ላይ ክሮሞዞሞች ተደራርበው ስለሚታዩ በቆጠራው መሳሳት አያስወቅስም። የሚያስወቅሰው ሌላ ነው፦ ፔይንተር ራሱ በ1921 ባወጣው የመጀመሪያ ዘገባ፣ እጅግ ጥርት ብለው በታዩት ሕዋሳት ያገኘው 46 መሆኑን ጽፎ ነበር። ጥርት ያለውን ትቶ አጠራጣሪውን መረጠ።

የተከታዮቹ ጥፋት ይብሳል። በስዊድን የሽል ጉበት ሕዋሳትን ያጠኑ የነበሩ ባለሙያዎች 48ቱን ሊያገኙ ስላልቻሉ ሥራቸውን አቋረጡ፤ ከመጽሐፉ ይልቅ ዓይናቸውን ተጠራጠሩ ማለት ነው። በሉንድ ከተማ ጆ ሂን ጂዮና አልበርት ሌቫን ግን የሽል ሳንባ ሕዋሳትን አራብተው፣ በኮልቺሲን ክፍፍላቸውን ገትተው፣ ጨው ባነሰው ፈሳሽ አሳብጠው ከ260 በላይ ሕዋሳት ቆጠሩ። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም 46 ሆኑ። እነርሱም ቢሆኑ የዘር ፍሬ ሕዋሳት እንደገና ሳይመረመሩ ውጤቱን ለሰው ሁሉ ከማወጅ ተቆጠቡ። ፎርድና ሀመርተን በዚያው በ1956 ይህንኑ መርምረው አረጋገጡ።

በርግጥ ቁጥሩ ብቻውን የፍጡርን ደረጃ አይናገርም። ቺምፓንዚ 48፣ የአረቢካ ቡና 44፣ ጤፍ 40 ክሮሞዞም አላቸው። ለሐኪም ግን የሁለት ክሮሞዞም ልዩነት ተራ ነገር አይደለም። በ1959 ለጄን፣ ጎቲዬና ቱርፓን በዳውን ሲንድረም ሕፃናት ሕዋሳት ውስጥ 47 ክሮሞዞሞች ማግኘታቸውን አሳወቁ። መነሻው 48 ሆኖ ቢቀር ኖሮ ያው ቁጥር አንድ ክሮሞዞም እንደጎደለ ይቆጠር ነበር፤ ትርፍ የሆነውን 21ኛውንም ፈልጎ የሚያገኝ ባልኖረ።